ከአንድ ካርቶን የወጡ አራት ዲስኮች

ዲሪርሳ ዛሬ ሃርድ ዲስክ ሲገዛ ያየው ሰው ለልጁ ሚስት የሚያጭ ይመስለዋል። አንዱን ከመርካቶ፣ አንዱን ከቡራዩ፣ አንዱን ሱሉልታ ካለ ካሜራ ገጣሚ ያመጣል እንጂ ከአንድ ሻጭ ሁለት አይወስድም። የተመረተበትን ወር ያያል፤ ስንት ሰዓት እንደሠራ ያነባል፤ ከዚያ ሳምንት ሙሉ እየጻፈ እየደመሰሰ ካልፈተነው ምንም አያስቀምጥበትም። ሻጮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩት ፊታቸውን ያዞራሉ። አልፈርድባቸውም፤ ሰውዬው ያደክማል። ግን ሰበታ ዋናው መንገድ ላይ አንድ ሱቅ ለሁለት ተከራይተን፣ እሱ በግራ ኮምፒውተር ሲጠግን እኔ ቤተልሄም በቀኝ ፎቶ ኮፒ ሳነሣ ስለኖርን፣ ይህ አመል ከየት እንደመጣበት አውቃለሁ።

ድሮ ሌላ አመል ነበረው። ዲሪርሳ የገበሬ ልጅ ነው። በሬ የሚጠመደው ከእኩያው ጋር ነው፤ በቁመትም በጉልበትም ካልተመጣጠኑ ቀንበሩ ያጋድላል፣ ትልሙም ይጣመማል። ይህንን ከአባቱ እርሻ ተሸክሞ ኮምፒውተር ቤት ገባ። ኪቦርዱና ማውሱ እንኳ የአንድ ፋብሪካ ካልሆኑ ቅር ይለው ነበር።

በ2006 የማስተር ፕላኑ ወሬ ሲነሣ፣ ከዓለም ገና ከተማ ወደ ውስጥ ያሉ ገበሬዎች መሬታችን ወደ አዲስ አበባ ሊጠቀለል ነው ብለው ሰጉ። የማኅበራቸው ሊቀ መንበር ኦቦ መገርሳ አንድ ሐሳብ አመጡ። ወሰኑን የሚያውቁ ስምንት ሽማግሌዎች ድንበሩን በእግራቸው እየሄዱ፣ ይህ ዛፍ የእገሌ ነው፣ ያ ወንዝ የእገሌ ነው እያሉ በቪዲዮ ይቀረጹ አሉ። ቀራጩ ዲሪርሳ ሆነ። ለእያንዳንዱ ሽማግሌ ሁለትና ሦስት ቀን ፈጀበት። ካሜራው ያለው አንድ ካርድ ብቻ ስለነበር ቪዲዮውን ወደ ሱቅ አምጥቶ ካስተላለፈ በኋላ ካርዱን እየደመሰሰ እንደገና ይቀርጽበት ነበር።

ማስቀመጫውንም የመረጠው እሱ ነው። ሬይድ ይሉታል፤ አራት ዲስኮች አንድ ሳጥን ውስጥ ገብተው ሥራውን ይካፈላሉ፣ አንዱ ቢሞት የቀሩት ሦስቱ የሟቹን ድርሻ ለተተኪው ያስረክባሉ። ሁለቱ ከሞቱ ግን ያለው ሁሉ ይጠፋል። ዲሪርሳ አራቱንም ከአንድ ሱቅ፣ ከአንድ ካርቶን፣ ቁጥራቸው ተከታታይ የሆነውን መርጦ መጣ።

"እያቸው ቤቲ፣ በአንድ ቀን የተወለዱ ወንድማማቾች!" አለኝ።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" አልኩት። እኔስ ምን አውቄ።

ኦቦ መገርሳ ሌላ ቅጂ አለ ወይ ብለው ሲጠይቁት ሳቀ። "ሬይድ እያለ ቅጂ ምን ያደርጋል?" አላቸው። ያቺ ሳቅ አሁንም ታናድደኛለች።

ከስምንቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ ከተቀረጹ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አረፉ። አንደኛው፣ በጳጉሜን 2007 ያረፉት ኦቦ ገርባ፣ የኦቦ መገርሳ ታላቅ ወንድም ነበሩ። ስድስቱን እንደገና መቅረጽ ይቻል ይሆናል፤ የሁለቱ ድምፅ ግን ያለው እዚያ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 2008 ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ከሳጥኑ መብራቶች አንዷ ቀይ ሆነች። ዲሪርሳ አልደነገጠም። "ለዚህ አይደል እንዴ የገዛነው?" ብሎ ተመሳሳዩን ከመርካቶ ሊያመጣ ወጣ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ተመለሰ። መንገዱ በድንጋይና በሚቃጠል ጎማ ተዘግቷል፤ ወጣቱ ወጥቷል፣ ከወደ ላይ ተኩስ ይሰማል፣ ሚኒባስም ባጃጅም የለም። በሩን ገርበብ አድርገን ተቀመጥን። ማክሰኞም እንደዚያው ሆነ። ረቡዕ ከሳጥኑ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ዲሪርሳ የካቻቢቴውን ጫፍ ዲስኩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፎ አዳመጠ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ፈጥኖ ሳጥኑን አጠፋው።

"ሁለተኛውም ሊሞት ነው።"

"በሁለት ቀን ልዩነት? ምን አገናኛቸው?"

"ወንድማማቾች ናቸዋ! አንድ ቀን ተወለዱ፣ እኩል ሠሩ፣ እኩል አረጁ። መርጬ ያመጣኋቸው ደግሞ እኔው ነኝ።" ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ኦቦ ገርባን ላጣቸው ነው" አለ። ስምንት ሰው እያለ ስለ አንዱ ብቻ ለምን እንደተጨነቀ ያኔ አልገባኝም።

ይህን ስህተት የከተማ ልጅ አይሠራውም ነበር። የከተማ ልጅ ያገኘውን ለቃቅሞ ይገዛል፤ አንዱ ሲያረጅ ሌላው ገና ነው። በሬ ከእኩያው ጋር ቢጠመድ ደክሞት ያርፋል፤ ዲስክ ግን አያርፍም፣ እስኪሞት ይሠራል።

በእጃችን ያሉት ዲስኮች ትናንሽ ናቸው፤ እነሱም የደንበኛ ዕቃ ሞልቷቸዋል። ቡራዩ የደኅንነት ካሜራ ለሚገጥመው ለአክስቴ ልጅ ለተድላ ደወልኩ።

"አንድ ባለ ሁለት ቴራ ዲስክ አለኝ" አለ። "ካሜራ ላይ ሁለት ዓመት ቀንና ማታ የሠራ ነው። አንድ ቀን እንኳ አስነጥሶት አያውቅም።"

ዲሪርሳ ያገለገለ ዲስክ ሲያይ አፍንጫውን የሚይዝ ሰው ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ አምጣው በይው አለኝ።

በዚያው ቀን ኦቦ መገርሳ ወሬውን ሰምተው በእግራቸው መጡ። ዲሪርሳ ዓይናቸውን ማየት አፍሮ፣ ወደ መሬት እያየ ሐሳቡን ነገራቸው፤ የተድላን ዲስክ በሟቹ ቦታ ይተካል፣ የቀሩት ሦስቱ ያስረክቡታል።

"ሲያስረክቡ ይደክማሉ?" አሉት።

"ያላቸውን ሁሉ ከራስ እስከ ጅራት ማንበብ አለባቸው። አንድ ቀን ሙሉ ይፈጃል።"

"የታመመውም?"

"የታመመውም፣ ኦቦ።"

"አንተ ልጅ፣ አባትህ በሬው ሲታመም አዲስ መሬት ያስጀምረው ነበር? ያጨድከውን ቀስ አድርገህ ወደ ቤት አስገባ። ከዚያ ወዲያ ይሙትም ይዳንም።"

ዲሪርሳ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ዲስኩን ሳጥኑ ውስጥ ሳያስገቡ፣ ከውጭ አገናኝቶ የሽማግሌዎቹን ቪዲዮ ብቻ መቅዳት! ሲቸኩል አልታየውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱማ የሚለቅመውም አይተርፈው ነበር። ዲስኩ እስኪመጣ ድረስ ሳጥኑን ማንም እንዳይነካ ተስማማን፤ የሚቀሰቀሰው አንዴ ብቻ ነው።

አዲስ አበባን ማቋረጥ ስለማይታሰብ፣ ሐሙስ ዕለት ዲሪርሳና ኦቦ መገርሳ ከሰበታ በላይ ባለው ጫካ ጀርባ ወደ መናገሻ ሄዱ፤ ተድላም ከቡራዩ በእግሩ መናገሻ ደረሰ። ኦቦ መገርሳ በቅሎ ወስደው ነበር። ሲመለሱ ግን ዲሪርሳ ይነቀንቀዋል ብሎ ዲስኩን በቅሎ ላይ አልጭንም አለ፤ ይዤው ልቀመጥም አልችልም አለ። በጋቢ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ አቅፎት ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ሄደ። እሳቸውም ብቻቸውን መቀመጥ ነውር ሆነባቸውና በቅሎዋ ባዶዋን ተከተለች።

አንድ ቦታ መንገድ የዘጉ ወጣቶች አስቆሟቸው። "ማል ባታ?" አሉት፤ ምን ተሸክመሃል ማለታቸው ነው። ጋቢውን ሲገልጥ የካሜራ ዲስክ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ሰሞን የወጣቶችን ፊት የቀረጸ ዲስክ ይዞ መገኘት ቀልድ አልነበረም። ኦቦ መገርሳ ቀደም ብለው፣ "ባዶ ነው ልጆቼ። ዳንጋ ኬኛ፣ ወሰናችን፣ የአባቶቻችሁ ወሰን ነው ሊገባበት" አሏቸው። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ድንጋዩን ለበቅሎዋ ገለል አደረጉላቸው፤ አንደኛውም እስከሚቀጥለው መዝጊያ ድረስ ሸኛቸው። ዓርብ ከሰዓት ሱቅ ሲገቡ ዲሪርሳ ክንዱ አልዘረጋ ብሎት ዲስኩን ከእቅፉ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት መብራት ነበረ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የዲሪርሳ ሚስት ጂጂ መጣች፣ ኦቦ መገርሳ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ ሳጥኑ ተቀሰቀሰ። ቀጭ ቀጭ አለ። ዲሪርሳ መጀመሪያ ኦቦ ገርባን፣ ቀጥሎ ሌላውን ሟች፣ ከዚያ በሕይወት ያሉትን አሰለፈ። ፎቶ ኮፒዬን እንኳ አላስነሣሁም፤ መሬቱን ካንቀጠቀጥኩት ይሞታል ብዬ ፈራሁ። ለማርያምም ተሳልኩ። የኦቦ ገርባ ቪዲዮ ሲያልቅ ዲሪርሳ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ስምንተኛው ሽማግሌ ወደ ተድላ ዲስክ ተሻገሩ።

በመጨረሻ የተሰለፈው የራሱና የጂጂ የሰርግ ቪዲዮ ነበር። እሱ ሲጀመር ሳጥኑ አንዴ ጮኸና ጸጥ አለ። ሁለተኛዋ መብራት ቀይ ሆነች፤ ሰርጉ ቀረ። ዲሪርሳ በፍርሃት ወደ ሚስቱ ዞረ።

"እኛ እዚያው ነበርን" አለችው ጂጂ። "ይብላኝ ላልተጠሩት!"

ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን። እፎይ ያልኩት በጣም ጮክ ብዬ ስለነበር መንገድ ላይ ያለ ሰው ቀና ብሎ አየኝ።

"ገና ነው" አለ ዲሪርሳ። "ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ቅጂ አይባልም።" ከዚያ ወደ ኦቦ መገርሳ ዞሮ፣ "ኦቦ፣ ይህን አንቱም ይዩት" አላቸው። የወንድማቸውን ቪዲዮ አንድም ቀን አይተውት አያውቁም፤ ሐዘኑ ገና አልወጣላቸውም ነበር። በርጩማቸውን አስጠግተው ተቀመጡ።

ኦቦ ገርባ አንዲት ግራር ሥር ቆመዋል። ዲሪርሳ የቪዲዮውን መጨረሻ ከፈተ።

"ከዚች ግራር በታች ያሉት ሁለት ትልሞች የመገርሳ ናቸው" አሉ ኦቦ ገርባ። "ታሞ በተኛ ዓመት ወሰኑን ገፍቼ ያረስኩት እኔ ነኝ። ዓይኑን እያየሁ ልነግረው አልቻልኩም። እኔ ሳልፍ አሰሙት።"

ዲሪርሳ ቪዲዮውን አቆመ። "አስምለውኝ ነበር" አለ። "ሐዘኑ ይብረድ ብዬ ሳቆይ ቃላቸው ሊጠፋብኝ ነበር።"

"አውቅ ነበር እኮ" አሉ ኦቦ መገርሳ። "ሠላሳ ዓመት በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ። ትልሙን አልፈለግሁትም። እሱ ራሱ እንዲነግረኝ ነበር የምጠብቀው። ሳይነግረኝ ሄደ ብዬ በቀብሩ ላይ እንኳ ተቀይሜው ነበር።"

ድገመው አሉት። ደገመው። ሲያልቅ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

"ገሪዳ" አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። "ነገረኝ።"