የጋሽ አቢሶ የእግር ጉዞ ማኅበር

ጋሽ አቢሶ ጆሃንስበርግ መሀል ባለው የሐበሾች ገበያ፣ ጀፕ ላይ፣ ብርድ ልብስና የክረምት ጃኬት በጅምላ የሚሸጥ የሆሳዕና ሰው ነው። እኔ የእሱ ሱቅ ባለበት ሕንፃ ላይ መጋረጃ ስለምሸጥ በየቀኑ እንገናኛለን። ወደ ጆሃንስበርግ የመጣው በአውሮፕላን ነው። ይህን የማነሳው እሱ ራሱ በተገናኘን ቁጥር ስለሚያነሳው ነው። አብዛኞቻችን ግማሹን መንገድ በጭነት መኪና ሆድ ውስጥ ታጭቀን፣ ግማሹን በእግራችን ጫካ ለጫካ አቋርጠን፣ በሞዛምቢክ ወይም በዚምባብዌ በኩል ሾልከን የገባን ነን። እሱ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ፣ ዶሮ ወይስ ዓሣ ተብሎ ተጠይቆ መጣ። ሠርግ ላይም ሆነ ለቅሶ ቤት ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚያው ዶሮና ዓሣ ላይ ያርፋል። «እናንተ በእግር የመጣችሁ ልጆች» ይለናል፣ በዕድሜ የምንበልጠውንም ጭምር።

ሚስቱን ኤርጎጌን ግን ያስመጣት በየብስ ነው። ለምን እንደሆነ ጠይቀነው አናውቅም፤ እሷም ነግራን አታውቅም።

ከኮሮና በፊት እግሩን እንደ ቅርስ ነበር የሚጠብቀው። ኬንሲንግተን በሚባለው የጆሃንስበርግ ሰፈር ካለው ቤቱ በር ላይ ቆሞ ዳቦ የሚገዛበትን ሱቅ ማየት ይቻላል፤ እዚያም የሚሄደው በመኪና ነበር።

ኮሮና መጥቶ አገሩ ሲዘጋ ጀፕም ተዘጋ፤ ብርድ ልብሱም ውስጥ ተቆለፈበት። እንግሊዝ አገር ገጠር ውስጥ፣ በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠራ ማርቆስ የሚባል ታናሽ ወንድም አለው። እዚያም ሁሉ ነገር ስለተዘጋ፣ ማርቆስ ከሥራ ሲወጣ የተፈቀደለት መዝናኛ በእግር መሄድ ብቻ ሆነ። በየቀኑ ፎቶ ይልክ ጀመር። በድንጋይ ካብ መሀል የሚጠማዘዝ ቀጭን መንገድ፣ አጥር መሻገሪያ የእንጨት እርከን፣ ቢጫ ቀስት የተለጠፈበት ግንድ፣ ሰው ሲያልፍ ቀና እንኳ የማይሉ በጎች።

ጋሽ አቢሶ መጀመሪያ የመሰለው ወንድሙ መኪናውን የሸጠ ነበር። ደውሎ ጠየቀው።

«መኪናዬ አለ» አለ ማርቆስ። «እዚህ ሰው ለደስታው ነው በእግሩ የሚሄደው።»

«በሰው ማሳ ላይ?»

«በሰው ማሳ ላይ። ማሳው የገበሬው ነው፣ መንገዱ ግን የሕዝብ ነው። ገበሬው ሊያስቆምህ አይችልም። ሕግ ነው።»

ይህች ነገር ከጋሽ አቢሶ ልብ ገባች። የሌላ ሰው መሬት ላይ በመብት መንጎራደድ ይቻላል መባሉ ከአውሮፕላኑ ቀጥሎ በሕይወቱ የሰማው ትልቁ ዜና ሆነ።

መንግሥት ጠዋት ጠዋት ስፖርት ሲፈቅድ ጋሽ አቢሶ ብቅ አለ። ራሱ የሚሸጠውን የተራራ ጃኬት ለብሷል፤ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይደርሳል፤ በሁለት እጁ ሁለት የብረት ምርኩዝ ይዟል፤ ከጀርባው ቦርሳ የወጣ የውሃ መጠጫ ቱቦ አፉ ሥር ይወዛወዛል። በዚህ ሁሉ ታጥቆ እስከ ዳቦ ሱቁ ደርሶ ተመለሰ። በዚያው ሳምንት የዋትሳፕ ግሩፕ ከፍቶ ሁላችንንም አስገባንና፣ ማንም ሳይመርጠው ሊቀመንበር ሆነ። ረጃጅም የድምፅ መልእክት ይልክልናል። መንገድ ላይ የምታገኙትን ሰው ሰላም በሉ፤ በር ከፍታችሁ ካለፋችሁ መልሳችሁ ዝጉ፤ በግ አታስደንግጡ። ጆሃንስበርግ መሀል በግ ከየት አምጥተን እንደምናስደነግጥ አልነገረንም።

ክረምቱ አልፎ እገዳው ሲላላ ጋሽ አቢሶ በስልኩ ካርታ ላይ አንድ ነጠብጣብ መስመር አገኘ። ከከተማው ሰሜን ምዕራብ፣ ከሙልደርስድሪፍት ወዲያ፣ እርሻ አቋርጦ ኮረብታ ላይ የሚወጣ መስመር ነው። አንድ እሑድ ሚኒባስ ሙሉ ሆነን፣ ማስካችንን አድርገን ሄድን። ሾፌሩ የአስፋልቱ ዳር አውርዶን፣ እውነት እዚህ ነው የምትወርዱት ብሎ ደጋግሞ ጠይቆ ሄደ።

ጥቂት እንደሄድን እሾሃማ ሽቦ ገጠመን።

ጀፕ ላይ ምግብ ቤት ያላት በለጥሽ ዙሪያዋን አየችና «ጋሼ፣ የእንጨት እርከኑ የታለ?» አለችው።

«አልሠሩትም ማለት ነው» አለ ጋሽ አቢሶ። «አለመሥራታቸው የእነሱ ጥፋት ነው። መንገዱ የሕዝብ ነው፤ እለፉ።»

አለፍን። ይህን ነገር ማንም ሊያስተምረን አያስፈልግም ነበር። ኤርጎጌ የታችኛውን ሽቦ በጫማዋ ረግጣ የላይኛውን በእጇ ወደ ላይ ሳበች፤ በለጥሽ አጎንብሳ ሾለከች፤ ቀጥላ እሷ ያዘችና ሌላው አለፈ። በድንበር ላይ የተማርነው እጃችን ላይ ነበር፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ሁላችንም ከወዲያ በኩል ቆመን ልብሳችንን እያራገፍን ነበር።

የቀረው ሊቀመንበሩ ነው። እንርዳህ ስንለው በምርኩዙ ከለከለን። ማጎንበስ አልወደደም፤ እግሩን በላይኛው ሽቦ ላይ አሻግሮ ሊረማመድ ሞከረና ሱሪው መሀል ለመሀል ተያዘ። ወደ ፊት ሲል ሽቦው ይነክሰዋል፤ ወደ ኋላ ሲል ይቀደዳል። አንድ እግሩ እንግሊዝ፣ አንድ እግሩ ደቡብ አፍሪካ ሆኖ ቆመ።

ገበሬው የደረሰው በዚህ መሀል ነው። ማስኩን አገጩ ላይ ያወረደ ሸምገል ያለ ነጭ ሰው፣ ኋላው ላይ ሁለት ውሻ የጫነ ፒካፕ እየነዳ መጣ። ከመኪናው ወርዶ አንድ በአንድ አየን።

«መኪናችሁ ተበላሽቶ ነው?» አለን በእንግሊዝኛ።

«በእግር እየሄድን ነው» አለ ጋሽ አቢሶ ከሽቦው ላይ ሆኖ። «ይህ የሕዝብ መንገድ ነው። የማለፍ መብት አለን።»

«ወዴት ነው የምትሄዱት?»

«ወዴትም አይደለም። ለደስታ ነው።»

ሰውየው የደስተኛውን ሰው ሁኔታ ከላይ እስከ ታች አየ። «መንገድ የምትለው» አለ ረጋ ብሎ፣ «ላሞቼ ውሃ ሲወርዱ የረገጡት ነው። አሁን ከዚያ ዛፍ ኋላ ኮርማው አለ፤ ተነሥቶ ሳያያችሁ ብትወጡ ይሻላችኋል።»

ከመኪናው ጉጠትና ቢላዋ አወጣ። ሽቦውን አየ፤ ሱሪውን አየ። ከዚያ ጉጠቱን መልሶ ሱሪውን በቢላዋ ቆረጠ። ኤርጎጌ የአንገት ልብሷን ፈትታ ባሏን ወገቡ ላይ አሸረጠችው።

አስፋልቱን ይዘን ስንመለስ ያለፈ ታክሲ ሁሉ ጡሩምባ ነፋልን። በዚህ አገር ይህን ያህል ሰው ተሰልፎ በእግሩ ሲሄድ ወይ ሰልፍ ነው ወይ ለቅሶ። የጋሽ አቢሶ የጫማ ሶል ተላቆ ጠፍ ጠፍ ይል ነበር። ሁላችንም ሳቃችንን ማስኩ ውስጥ ቀበርነው፤ ያን ቀን ማስክ ጠቀመን። በማግሥቱ ጀፕ ላይ የተወራው፣ በራሱ በጋሽ አቢሶ አንደበት፣ አንድ ባለርስት ተቀብሎን እርሻውን እንዳስጎበኘን ነው።

በጥር ሁለተኛው የኮሮና ማዕበል መጣ። ጋሽ አቢሶን ያዘው። ኦክስጅን ተሰክቶለት ሰነበተ፤ የድምፅ መልእክቱ ቆመ። ስንቱን እንደቀበርን ስለምናውቅ ያኔ ማንም አልቀለደበትም። ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሙ ሳንባህ እንዲከፈት ተራመድ አለው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በነጠላ ጫማ ከአልጋው እስከ መስኮቱ፣ ከዚያ እስከ ግቢው በር፣ የኤርጎጌን ትከሻ ይዞ ሄደ።

ማኅበሩ አልፈረሰም። አሁን እሑድ እሑድ ከከተማው በስተደቡብ ባለ የዱር እንስሳት ጥብቅ ክልል ውስጥ እንሄዳለን፤ አጥር የሚያዘልል የለም፤ የሜዳ አህያ እናያለን፤ በጎቹ አሁንም የሉም። ሊቀመንበር አልመረጥንም፤ ፊት ፊት የምትሄደው ግን ኤርጎጌ ናት፤ ርምጃዋ ረጅም ነው። ጋሽ አቢሶ በአንድ ምርኩዝ ከኋላ ይከተላል፣ በየድንጋዩ እየተቀመጠ። ባለፈው አቀበቱ ላይ በጣም ርቆ ሲቀር በለጥሽ አዘነችለት።

«ኤርጎጌ፣ ቆም በይና ጠብቂው እንጂ» አለቻት።

ኤርጎጌ ዞር ብላ አየችው። ከታች በኩል አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል።

«ይደርሳል» አለችና መንገዷን ቀጠለች።