የሬዲዮው ጣሊያንና የበረዶው ወሬ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ሥራ አገኘሁ። እውነቱን ለመናገር የተቀጠረው እግሬ ነው። ምሽጉ ውስጥ ያለው ሬዲዮ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው እንደ ብስክሌት በእግር ከሚዘወር መኪና ነበር። ኮርቻ አለው፣ ፔዳል አለው፣ ጎማ ግን የለውም። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ እላዩ ላይ ወጥቼ እረግጣለሁ። ሬዲዮ ሠራተኛው ጣሊያን ደግሞ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ በጣቱ ቲ-ቲ-ታ እያደረገ መልእክቱን ይልካል። ቀኑን ሙሉ ጋልቤ ስወርድ እዚያው የወጣሁበት ቦታ ነኝ።

ሥራውን የያዝኩት በራሴ ሐሳብ አልነበረም። አጎቴ ፊታውራሪ ከአማኑኤል በላይ ካለው ተራራ ላይ ሸፍተው አርበኞች ይመሩ ነበር። አስመራ መንገድ ሥራ ላይ ሁለት ዓመት ቆይቼ ጣሊያንኛ እንደለመድኩ ያውቃሉ። «ግባና የሚያወራውን ሁሉ ስማ፤ በየገበያው ቀን እየመጣህ ትነግረኛለህ» አሉኝ። በአንድ ቃል ሰው የሚሰቀልበት ዘመን ነበርና የመጀመሪያውን ሳምንት ፔዳሉን ስረግጥ አንድ ዓይኔ በሩ ላይ ነበር።

ችግሩ ግን ሌላ ሆነ። ሰውዬው የሚልከው ቲ-ታ ነው፤ ቲ-ታ ደግሞ ጣሊያንኛ አይደለም። በአፉ የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በረዶ በጣለ ቀን ነው። «ሲኞር፣ በዚህ ብርድ እግሬ አልታዘዝ አለኝ» አልኩት። ማዳመጫውን አውልቆ ሳቀ።

«ይህ ብርድ ነው? እኔ የማውቃቸው የበረዶ አገር ሰዎች በአንተ ኮርቻ ይጣሉ ነበር!»

ከዚያ ቀጠለ፤ እዚያው አብሯቸው እንደነበረ ሰው ነበር የሚያወራው። ሰባት ሰዎች የምድርን ጫፍ ለማየት ወደ ሰሜን በመርከብ ይሄዳሉ። ባሕሩ በረዶ ሆኖ መርከባቸውን ጨፍልቆ ይሰብረዋል። ከስብርባሪው አንዲት ትንሽ ሬዲዮና እንደኔው ያለ ፔዳል ያተርፋሉ። ፔዳሉን የረገጠ ሰው ስለሚሞቀው ተራ ይሻሙበታል። ፔዳሉ የሚሞላው ባትሪ በብርዱ እንዳይሞት በየተራ ብብታቸው ውስጥ ይዘው ይተኛሉ። ነጭ ድብ በድንኳኑ ዙሪያ ይዞራል። እነሱ በየሰዓቱ «ድረሱልን» እያሉ ይልካሉ፤ የሚሰማቸው የለም።

በገበያው ቀን አጎቴ ዘንድ ደረስኩ።

«እሺ፣ ስንት መትረየስ አላቸው?»

«አላየሁም ጋሼ።»

«ስንት ወታደር መጣ?»

«አልነገረኝም።»

«ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ምን ሲያወራ ሰነበተ?»

«ስለ በረዶ።»

አጎቴ በጥፊ ሊሉኝ እጃቸውን አነሡ። በጥድፊያ መርከቡን፣ ድቡን፣ ባትሪውን ዘረገፍኩት። እጃቸው እዚያው አየር ላይ እንዳለ ቀረ። «ብብታቸው ውስጥ ነው ያልከኝ?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው በረዶው ሆነ። ሰዎቻቸውም ጠመንጃቸውን አቅፈው ክብ ሠርተው ይጠብቁኛል።

አንድ ቀን፣ በዚያ አገር ፀሐይ ለወራት እንደማትጠልቅ ነገርኳቸው። የአርበኞቹ ንስሐ አባት ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«ጾሙን በስንት ሰዓት ነው የሚፈቱት?»

«አልጠየቅሁም አባ።»

«ይህን ሳትጠይቅ ምን ልትሠራ ነው የምትውለው?»

በማግስቱ ጣሊያኑን ጠየቅሁት። ግራ ገባው። «ጾም? ያገኙትን ባገኙበት ሰዓት ይበላሉ እንጂ!» አለኝ። መልሱን ሳደርስ አባ ደስ አላቸው። «አላልኳችሁም? መርከቡ ያለ ምክንያት አልተሰበረም!»

ይህ ሁሉ ጨዋታ አንድ ጊዜ ዋጋ አስከፍሎናል። ጣሊያኑ ዱቄትና ጫማ የጫኑ መኪናዎች ወደ ዓባይ እንደሚወርዱ አምልጦት ነገረኝ። ሲጨልም በድብቅ ወጥቼ አጎቴ ዘንድ ደረስኩ። መኪናዎቹ ግን ሳይነኩ አለፉ። በሚቀጥለው ገበያ አጎቴ ዓይናቸው ቀልቶ ጠበቁኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጋሼ፣ ልነግርዎ አፌን ስከፍት ‹እሱ ይቆይ፣ ባትሪው ምን ሆነ?› አሉኝ። ቀጥሎም እንቅልፍ ወሰደዎ።»

ባዶ እግራቸውን የቆሙት ሰዎቻቸው አንገታቸውን ደፉ። አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ባትሪውስ ታዲያ?» አሉ።

ባትሪው ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ጣሊያኑ ግን እዚያ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ወሬውን ይቆርጣል። «ከዚያስ?» ስለው ማዳመጫውን ይደፋና «ርገጥ!» ይለኛል። በዚህ ምክንያት ሰባቱ ሰዎች በእኛ ወሬ በዚያ በረዶ ላይ ሦስት ዓመት ያህል ከረሙ። አጎቴ «እስካሁን ካልሞቱ አይሞቱም» እያሉ ይጽናኑ ነበር።

በመጨረሻ ጣሊያን ከተማውን ጥሎ ወጣ። ሬዲዮ ሠራተኛው እግሩ አብጦ ስለነበር ምሽጉ ውስጥ ቀረ። አርበኞቹ ሲገቡ አጎቴ መሣሪያ ቤቱንም ግምጃ ቤቱንም አልፈው በቀጥታ ወደ ሬዲዮ ክፍሉ መጡ።

«የበረዶው ሰውዬ የታል?»

ሰውዬው እጁን ሰቅሎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ከጠረጴዛው ጀርባ ብቅ አለ። አጎቴ የፔዳሉ ኮርቻ ላይ ተቀመጡ።

«አትሞትም በለው። ወሬውን ግን ይጨርስ።»

ተረጎምኩለት። አንዴ እኔን፣ አንዴ አጎቴን አየ። ላብ አጠመቀው።

«በረዶው ላይ እኔ አልነበርኩም» አለ በመጨረሻ። «እኔ ወደቡ ላይ፣ ሞቃት ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ሥራዬ እነሱን ማዳመጥ ነበር። ስንት ቀን ሙሉ አዳመጥኩ፤ ምንም የለም። አንድ ቀን ማዳመጫውን አስቀምጬ ምሳ ልበላ ወጣሁ። ጥሪያቸው የደረሰው በዚያች ሰዓት ነው። የሰማቸው በቤቱ ሬዲዮ የሠራ አንድ የመንደር አስተማሪ ሆነ። መርከብ ተልኮላቸው ሰባቱም ዳኑ።»

ስተረጉም ድምፄ እየቀነሰ ሄደ።  የአጎቴ ሽጉጥ ወገባቸው ላይ ነው፤ እኔ እሱን ነበር የማየው።

«ይቅር አሉህ?» አሉ አጎቴ።

«ስድስቱ ይቅር ብለውኛል» አለ። «ሰባተኛው ግን ባየኝ ቁጥር ‹ምሳ በላህ?› ይለኛል።»

ይህን ስተረጉም በሩ ላይ የተደረደሩት አርበኞች በሳቅ ፈረሱ። አጎቴ ላለመሳቅ ከንፈራቸውን ነክሰው ቆዩ፤ አልቻሉም። ከኮርቻው ሊወድቁ ሲሉ ያዝኳቸው። «ሂድ፣ የሚበላ ነገር አምጣለት» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ከሦስት ቀን በኋላ ምርኮኞቹን ወደ አዲስ አበባ ሊወስዷቸው ሲነሡ፣ አጎቴ የሬዲዮ ሠራተኛውን እግር አይተው በቅሎ ሰጡት። እስከ ከተማው ዳር ሸኘሁት። ጠላት መሆኑን አልረሳሁም፤ ያ ሠራዊት በአገራችን ላይ የሠራውን የሚረሳ የለም። ግን ያን ያህል ጊዜ አብሬው ውዬ፣ ያን ሁሉ የሰው ታሪክ የራሱ እያስመሰለ ሲነግረኝ ከርሞ፣ እውነቱን የተናገረው ሊሞት ነው ብሎ ባሰበ ሰዓት መሆኑ ሆዴን አባባው። እጁን ዘረጋልኝ፤ ጨበጥኩት። በቅሎዋ አልሄድ ብላ ትንሽ አስቸገረችው፤ ከኋላ መታ ሳደርጋት ተነሣች።