ሻጋታው በሌለበት የደረቀው ቅጠል

መነሻ

በ2000 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ከአርሲ ተነስቼ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ የሄድኩት አገር ለማየት አልነበረም። ስምንት ዓመት ያሳደግኩት ስንዴ ስለታመመብኝ ነው። በምርምር ጣቢያችን ስንዴ አዳቃይ ነኝ። "ሰባት" እያልን የምንጠራው ዝርያ በእጄ ካለፉት ሁሉ ዛላው የሚያምር፣ ምርቱም የሚበልጥ ነበር። ለገበሬ ይሰራጭ አይሰራጭ የሚለውን የሚወስነው ኮሚቴ ከፋሲካ በኋላ ይሰበሰባል።

ሙከራውን በማሳቸው ላይ የሚያስተናግዱልን አቶ ቱፋ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። እሳቸው ዘንድ ሁለት ክረምት በተከታታይ የሰባት ቅጠል ላይ ዙሪያው ቢጫ የሆነ ቡናማ ነጠብጣብ ወጣ።

"ዝናቡ በዝቶ ነው" አልኳቸው።

"ከጎኑ ያለው አስራ አንድ ላይስ? ያው ዝናብ አይደለም የዘነበው?" አሉኝ።

እሱ ላይ ነጠብጣብ አልነበረም። "አስራ አንድ" ምርቱ አነስ ስለሚል ልጥለው ያሰብኩት ሌላው ዝርያችን ነው።

ጥያቄያቸውን እንዳለ ገልብጬ ሊንዳ ለምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በኢሜል ላክሁላት። ከዴንቨር ጎን ባለችው ኦሮራ ዳርቻ፣ ግሪንሃውስ በሚባል ተክል ማብቀያ የመስታወት ቤት የስንዴ በሽታ ታጠናለች። "የሁለቱንም ዘር ከነፈቃዱ ላኪልኝ፤ እኔ አበቅለዋለሁ፣ አንቺ መጥተሽ በዓይንሽ እዪው" ብላ መለሰችልኝ። ዘሩ ቀድሞኝ ተሳፈረ።

ዴንቨር

ሁለት ቦታ አውሮፕላን ቀይሬ ስደርስ ጋሽ በየነ ስሜን ካርቶን ላይ ጽፈው ቆመዋል። የባልደረባዬ አጎት ናቸው፤ ባሌ ተወልደው አድገው ዴንቨር ሃያ ዓመት ኖረዋል፤ ከኤርፖርት ሆቴል ሰው የሚያመላልስ ሻትል ይነዳሉ።

"አስቴር፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ፓርክ ያደረግኩት ራቅ ይላል፤ ጃኬትሽን ዚፕ አድርጊው" አሉኝ።

መንገዱ ሰፊ ነው፤ ግራና ቀኙ ሜዳ። በስተምዕራብ በረዶ የለበሱት ተራሮች ቅርብ ይመስላሉ እንጂ ሩቅ ናቸው። በስተምሥራቅ ግን ከረገፈው በረዶ መሃል አረንጓዴ ነገር ብቅ ብቅ ብሎ አየሁ።

"ስንዴ ነው" አሉኝ ሳልጠይቃቸው። "እዚህ ክረምት ሳይገባ ይዘሩታል። ስኖው ስር ተኝቶ ይከርምና ሲሞቅ ይነሳል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን መኪናዬን አቁሜ ነው ወርጄ የነካሁት።"

ቤታቸው ከሃቫና ስትሪት ገባ ብሎ ያለ አፓርታማ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ፀሐይ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራሉ። ጫማዬን አይተው ገቡና የራሳቸውን ባለጸጉር ቦት ይዘው ወጡ። እኔ እስክመለስ ድረስ እሳቸው በቀጭን ጫማ ሥራ ሲሄዱ ሰነበቱ።

ግሪንሃውስ

በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት (ጋሽ በየነ "ናይን ላይ" ነው የሚሉት) ሊንዳ በር ላይ ተቀበለችኝ። ውጭው ይቀዘቅዛል፤ ውስጡ የአርሲ መስከረም ነው። ሰባትና አስራ አንድ በትንንሽ ማሰሮ ጎን ለጎን በቅለዋል። ጤነኞች ነበሩ። ልጆቼን ሰው ቤት ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

ሊንዳ መርፌ የሌለው ስሪንጅ አነሳች። ጫፉን ቅጠሉ ላይ ለጥፋ፣ ከበስተጀርባ በጣቷ ደግፋ ቀስ አድርጋ ገፋችው። ውሃ የመሰለው ፈሳሽ ቅጠሉ ውስጥ ሲሰርግ ቦታው ጠቆር አለ፤ ዳርና ዳሩን በማርከር አሰመረችበት። በሁለቱም ዝርያ ላይ እንዲሁ አደረገች።

"በሽታውን የሚያመጣው ሻጋታ፣ ፈንገሱ የታለ?" አልኳት።

"የለም። ይሄ ፈንገሱ የሚያመነጨው ፕሮቲን ብቻ ነው፤ አጣርተን ለይተነዋል።"

እኔ የተማርኩት ዋግ በሚባለው ሌላ የስንዴ ፈንገስ ነው። ዋግ የሚኖረው ሕይወት ባለው ቅጠል ላይ ነው። ስለዚህ ስንዴው ጠላቱን ሲያውቀው በዙሪያው ያሉትን ጥቂት ሕዋሳቱን ራሱ ይገድልና ዋጉን ያስርበዋል። ማወቁ ያድነዋል ማለት ነው። የአቶ ቱፋ ማሳ ላይ ያለው ፈንገስ ግን የሞተ ነገር በላተኛ ነው። ፕሮቲኑን ቅጠሉ ውስጥ ይረጫል፤ የሚያውቅበት ጂን ያለው ስንዴ ጠላት መጣብኝ ብሎ ሕዋሳቱን መግደል ይጀምራል። ፈንገሱ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ጂኑ የሌለው ስንዴ ግን ፕሮቲኑ መግባቱንም ሳያውቅ እድገቱን ይቀጥላል።

ለማወዳደሪያ ፕሮቲን የሌለው ፈሳሽ ሌሎች ቅጠሎች ላይ እኔ ራሴ ገፋሁ። ውጤቱ የሚታየው ከአራት ቀን በኋላ ነው።

አራቱ ቀናት

ቅዳሜ በኮልፋክስ መንገድ በባስ ተጉዤ መሃል ዴንቨርን አየሁ፤ ምን እንዳየሁ ግን ብትጠይቁኝ አላስታውስም። እሑድ ጋሽ በየነና እትዬ ፀሐይ ቤተ ክርስቲያናቸው ወሰዱኝ። የጸሎት ርእስ ያለው ሲባል ጋሽ በየነ ተነሱ።

"እህታችን ስንዴዋ ታሞባት ነው የመጣችው።"

አንዳንዱ ሳቅ አለ። ኋላዬ የተቀመጡ ሴት ግን "ገበሬ ያሳደገው ሰው በዚህ አይስቅም" አሉና ቆሙ። ከዚያ ጉባኤው በሙሉ ቆሞ ለስንዴ ጸለየ። አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ።

በአራተኛው ቀን በረዶው ጉልበት ደረሰ፤ ባስም አልመጣ አለ። ጋሽ በየነ ፈረቃቸውን ከጓደኛቸው ጋር ተለዋወጡና ሁልጊዜ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀውን መንገድ በሁለት ሰዓት ነድተው አደረሱኝ።

የአስራ አንድ ቅጠል እንዳለ አረንጓዴ ነው፤ የማርከሩ መስመር ባይኖር ምን እንደተነካ አይታወቅም። እኔ ባዶውን ፈሳሽ የገፋሁባቸውም ምንም አልሆኑም። ሰባት ግን ከመስመር እስከ መስመር ደርቋል፤ እንደ ገለባ ነጥቶ ተጨማዷል። አንድም የሻጋታ ዘር ሳይነካው።

"ምናልባት አንዱ ማሰሮ..." ማለት ጀመርኩ።

ሊንዳ ክንዴን ይዛ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ወሰደችኝ። እኔ ሳላውቅ ሃያ ተጨማሪ የሰባት ተክል ላይ ሞክራው ኖሯል። ሁሉም ያው ነው። "አንድ ፕሮቲን ሁሉንም ነገር አይወስንም፤ አስራ አንድም በሌላ በሽታ ሊጠቃ ይችላል። ይሄ በር ግን ሰባት ላይ ክፍት ነው። አዝናለሁ" አለችኝ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ የልቤን ለጋሽ በየነ ነገርኳቸው። ኮሚቴው ይህን ምርመራ አልጠየቀኝም። ዝም ብል ሰባት ያልፋል፤ ስሜም አብሮት ይነሳል።

ቀይ መብራት ላይ ቆመው መለሱልኝ።

"ባሌ ሳለን አባቴ አዲስ ዘር ተሰጥቶት መሬቱን በሙሉ ዘራው። ቅጠሉ ደረቀ። የሰጠው ሰውዬ ቀድሞ ያውቅ እንደሆነ እስኪሞት ድረስ ይጠይቅ ነበር። አንቺ የደረቀውን እዚህ ማሰሮ ላይ አየሽው። በገበሬው ማሳ ላይ ስላላየሽው ተመስገን በይ እንጂ!"

ያኔ ተመስገን ማለት አቃተኝ። በሦስተኛው ቀን፣ አውሮፕላኑ ከዴንቨር ሲነሳ ከታች ያንን አረንጓዴ ሳየው ነው ድምፄን አውጥቼ ያልኩት።

አርሲ

እንደተመለስኩ ሰባት እንዳይሰራጭ ከኮሚቴው ፊት ራሴ አነሳሁት። አዲስ ሥራም ጀመርኩ፤ ሰባትን ከአስራ አንድ ጋር ማዳቀል። እንደገና ብዙ ዓመት ይፈጃል። ጉዞው ያስተማረኝን ብጠየቅ፣ ያልወደድኩትን ጥያቄ የሚጠይቀኝን ሰው ማክበር ነው እላለሁ። ሊንዳን፣ ጋሽ በየነን፣ ቦት ጫማቸውን የሰጡኝን እትዬ ፀሐይን ሳስብ ደግሞ፣ ሰው የማያውቀውን ስንዴ እንዲህ ማስታመሙ እስከዛሬ ይገርመኛል።

የከበደኝ አቶ ቱፋን መጋፈጡ ነበር። ነገርኳቸው። አዳመጡኝና ወደ ጎተራቸው ወሰዱኝ። ሁለት ኩንታል የሰባት ዘር፣ ኮሚቴው ሲያሳልፈው ለጎረቤቶቻቸው ሊያድሉ አስቀምጠው ነበር።

"እንግዲህ አይዘራም" አሉ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ምን ይቅርታ አለው? እህል አይደለም እንዴ? እናስፈጨዋለን።"

በሳምንቱ አስጠሩኝ። ገበታው ላይ ትኩስ ዳቦ ቀርቧል፤ ጎረቤቶቹም ተቀምጠዋል። ቆርሰው መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ የመዘንኩትን፣ የቆጠርኩትን፣ የለካሁትን ስንዴ ቀምሼው አላውቅም ነበር። ጣፋጭ ነው።