በገመድ የምትሄደው ጀልባ

ኬዛያ የተወለደችው «ርግብ» በምትባል ጠባብ የጭነት ጀልባ ላይ ነው፤ ከከሰሉ ክምር ኋላ ባለችው፣ ሦስት ሰው ከገባባት ጉልበት ለጉልበት በምታነካካው ክፍል ውስጥ። ያኔ ርግብን ከኮቨንትሪ እስከ ለንደን ለጀልባ ተብሎ በተቆፈረው ቦይ ዳር የሚሄድ ፈረስ ይጎትታት ነበር። ፈረሱ ሲቀር አባቷ ጀልባዋን የሠርግ ስጦታ አድርጎ ሰጣት። ባሏ አሞስም በራሱ ባለሞተር ጀልባ ከፊት ሆኖ በገመድ ይጎትታት ጀመር።

እሷ ከኋላ መሪውን በብብቷ ይዛ ድንች ትልጣለች፣ ዳንቴል ትሠራለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ስታይ የኖረችው የአሞስን ጀርባ ነው። ወዴት ብላ ጠይቃው አታውቅም።

ቦዩ በረዶ የጋገረበት ያ ክረምት ካለፈ በኋላ ጭነት ጠፋ፤ ከሰሉን መኪና ወሰደው። አንድ ጠዋት አሞስ ባዶዎቹን ጀልባዎች ይዞ ተነሣ። ጀልባዎችን ከፍና ዝቅ አድርጎ የሚያሳልፈው የውሃ በር ዘንድ ሲደርሱ በር ጠባቂው ሽማግሌ ጆብ ቆቡን አወለቀ።

«ዛሬ ርግብን ልትቀብሯት ነው አሉ! ምነው፣ አበባ እንኳን ሳትይዙ?»

«ምን አሉ፣ አባባ ጆብ?»

ሽማግሌው ሳቁን ዋጠ። «አሞስ አሮጌ ጀልባ የሚጣልበት ኩሬ ውስጥ ሊያሰምጣት... እኔማ የምታውቂ መስሎኝ ነው፣ ልጄ። ከነገረኝ ወር አልፎታል።»

«አሞስ!»

አልዞረም። ደግማ ስትጣራ ሞተሩን አጠፋ።

«በስብሳለች፣ ኬዚ። እኔ ፋብሪካ ገብቻለሁ፣ ቤትም ሰጥተውናል። የቧንቧ ውሃ አለው!»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ እምቢ ትይ ነበራ!»

«እኔ እምቢ የምለውን ለጆብ ነገርከው?»

እሷን ያንገበገባት ቤቱ አልነበረም፤ ቧንቧ ማን ይጠላል። ነገር ግን ወር ሙሉ ከእጇ በልቷል። ትናንት እንኳ የርግብ በር ላይ የተሳሉትን ጽጌረዳዎች አዲስ ቀለም ስትቀባ አጠገቧ ቆሞ፣ «አምሮበታል፤ እዚህ ጋ ቀይ ጨምሪበት» ብሏት ነበር።

ገመዱን ፈታችው። ርግብ ቀስ ብላ ተንሳፍፋ ዳርቻውን ተጠጋች።

«ሞተር የላት፣ ፈረስ የለሽ! ወዴት ልትሄጂ ነው?»

«የትም። ሰው ያለበትን ጀልባ ማንም አያሰምጥም።»

ገብታ የእሁድ ሸሚዙን አወጣችና ኮሌታውን አስተካክላ አጣጥፋ ዳርቻው ላይ አስቀመጠችለት።

«ቧንቧ አለው ብለሃል፤ እዚያው እጠበው።»

ከዚያ ወዲያ ርግብን እዚያው ዳርቻ አስራ ብዙ ክረምት ኖረችባት። አሞስ እሁድ እሁድ እየመጣ ዳርቻው ላይ ቆሞ ያወራታል። እሷም ትመልስለታለች፤ ግባ ግን ብላው አታውቅም።