በቁም የመጣ መርዶ

“መሪያችን መርሳ ሄዳለች” የሚለው ውሸት መጀመሪያ የወጣው ከብሌን አፍ ነው። ጥቅምት ላይ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ጄሪካኗን ተራ እንዳስያዘች፣ ከተማውን ከያዙት ወገን የሆነ መሣሪያ ያነገተ ሰው ጠጋ ብሎ “የኪነት ቡድኑ ልጅ ነሽ አሉኝ። መሪያችሁ የት ነች?” አላት። ደነገጠችና፣ እትየ የሻረግ መርሳ ያለች እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ መንገድ ተዘጋባት አለችው። ሰውየው አልተቆጣም። “እንግዲያው ያላችሁት ትመጣላችሁ። እሑድ አዳራሽ ውስጥ ለጓዶቹ ዝግጅት አለ” ብሏት ሄደ።

የሻረግ ግን መርሳ አልነበረችም። እዚያው ወልድያ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤቷ ውስጥ ጉልበቷን በጨርቅ ጠቅልላ ተቀምጣ ነበር። ከተማው ነሐሴ ላይ ከተያዘ ወዲህ መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ወፍጮው ቆሟል፤ ባጃጆቹ ቤንዚን አጥተው በየአጥሩ ሥር አቧራ ለብሰዋል። እሷም ጉልበቷ ታሞ ከደጇ ከወጣች ሁለት ወር አልፏታል፤ ከጎረቤት ያያት የለም።

ሃያ ሁለት ዓመት ቡድኑን መርታለች። የሠርጉንም፣ የአዝመራውንም፣ አምባሰሉንም የምታወርደው እሷ፣ የሚቀበሉት ልጆቹ ናቸው። ጦርነቱ ሊመጣ አንድ ዓመት ሲቀረው አንድ ትሑት ወጣት ለሁለት ቀን ሥልጠና ሊሰጣቸው መጥቶ፣ እያንዳንዱ ቡድን ተተኪ መሪ ያፍራ ብሎ ወረቀት አደለ። የሻረግ በሰማያዊ እስክርቢቶ “ነሲባ” ብላ ሞላች። ሞላች እንጂ አንድ ዘፈን እንኳ ለብቻዋ አስጀምራት አታውቅም። ነሲባ ፊት ስትቆም የሻረግ ከኋላዋ ተጠግታ ግጥሙን በጆሮዋ ታቀብላታለች። ሰው ሲጠይቃት “ገና ልጅ ናት” ትላለች። ነሲባ ሃያ አራት ዓመቷ ነው።

ያን ዕለት ብሌን ባዶ ጄሪካኗን እያንኳኳች ሮጣ ስትመጣ፣ ነሲባም ማሲንቆ መቺው አዳነም የሻረግ ቤት ነበሩ።

“እምቢ ብንልስ?” አለች ብሌን።

“እምቢ ያለ ምን እንደሚሆን አንቺ ሞክሪና ንገሪን” አላት አዳነ።

“ከዘፈንን ደግሞ ነገ የሚመጣው ‘የዘፈናችሁላቸው እናንተ አይደላችሁም ወይ?’ ይለናል” አለች ነሲባ። “የቡድናችን ሰባት ልጆች እናቶች ይህን ሲሰሙ ያለቅሳሉ።”

የሻረግ ጉልበቷን እያሸች “ለቅሶ የተቀመጠን ሰው ዝፈን የሚል የለም። መርሳ ናት ካላችሁ እንግዲህ መርሳ ላይ ልሙትላችሁ” አለች። ለቀልድ ነበር። ብሌን ሳቀች። አዳነ “ሟርተኛ!” ብሎ ወደ በሩ ቱፍ ቱፍ አለ።

ነሲባ ግን አልሳቀችም። “አርባ ቀን ሐዘን ላይ ነን ብንል ማንም አያስነሣንም” አለች።

“አንቺ ልጅ፣ የምሬን መሰለሽ?”

“አንቱ ካልፈቀዱ አይሆንም። ከፈቀዱ ግን ጎረቤትም እንዳያውቅ። አንድ ሰው ካወቀ ከተማው አወቀ።”

የሻረግ ይህቺን ልጅ እንዲህ ቆርጣ ስትናገር ሰምታት አታውቅም ነበር። እስቲ ይሁን አለች፤ ነሲባ አምሽታ ሐሳቧን ትለውጣለች ብላ።

አልለወጠችም። ቅዳሜ ማለዳ፣ መርዶ በሚነገርበት ሰዓት፣ የሻረግ ከባዶ ጎታዋ ጋር ጓዳ ገብታ፣ ወደ ግቢው የሚከፈተው በር ከውጭ ተቀረቀረ። አዳነ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ “መርሳ ላይ አርፋለች አሉ፤ ቀብሯም እዚያው ሆኗል” ሲል ተሰማት። ለመዋሸት ፈርቶ መንቀጥቀጡን ሰው ሁሉ ሐዘን ብሎ ወሰደው። ግቢው በአንድ ጊዜ በጩኸት ተሞላ።

ከሁሉ በላይ የጮኸችው ጎረቤቷ ጥሩወርቅ ናት። ሁለቱ በአንድ አሸንዳ ምክንያት፣ ውሃው ወደ ማን ግቢ ይፍሰስ ብለው፣ ከተኳረፉ ሁለት ክረምት ሆኗቸዋል። “የሻረግ! እኔ ጋር ሳትታረቂ! ምነው ቤቱ በፈረሰና አሸንዳው በቀረ!” እያለች ደረቷን ትደቃለች። የሻረግ ከበሩ ሥንጥቅ በኩል አየቻት፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ተዘርግታለች። አለሁልሽ ልትላት እጇን እስከ በሩ ሰደደች። በሩ ግን የሚከፈተው ከውጭ ነው።

ሰዎች ባዶ እጃቸውን አልመጡም። በእጅ ከተፈጨ ማሽላ የተጋገረ ቂጣ፣ በሰሐን ሽሮ፣ በወረቀት የተቋጠረ ጥቂት ጨው ይዘው መጡ። ጨው እንደ ወርቅ በሚፈለግበት ሰሞን ነው። የሻረግ ያችን ቋጠሮ አይታ አፈረች። ከመሞቷ ይልቅ ይኼ ከበዳት።

ረፋዱ ላይ ግቢው ድንገት ጸጥ አለ። ያ ሰው ነበር፤ ሌላ አንድ አስከትሎ መጥቷል። መሣሪያውን እንዳነገተ ዳስ ሥር ቆሞ፣ “መሪያችሁ ሞተች አሉ። በየትኛው ስልክ ሰማችሁ?” አለ።

“በእግሩ የመጣ ሰው ነገረን” አለ አዳነ።

“ጥሩ ቀን መርጣ ሞተች። ነገ ዘፈን ነበረ።” አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። “በሉ አልቅሱ፤ እኔም ልድረስ።”

አሁን የሚያወርድ ያስፈልጋል። በሰፈሩ ለቅሶ ሲሆን ሙሾ አውራጇ የሻረግ ራሷ ነበረች። ዓይን ሁሉ ነሲባ ላይ አረፈ። ቤተሰቧ ሙስሊም ነው፤ ሸኾቹም ሙሾ አይወዱም። “አላህ ይቅር ይበለኝ” ብላ ተነሣች። መጀመሪያ ያወረደችው የሻረግ ለሰው ሁሉ የምታወርደውን ነው፦

“እንግዲህ ማን ይጥራን፣ ማን ይበለን ኑ፣
ቀዬው ጨልሞብን ሳይመሽ በቀኑ።”

ሴቶቹ ተቀበሏት። ቀጥሎ ግን ልጅቷ ግጥሙ ጠፋባት። የሻረግ ሥንጥቁ ላይ ተለጥፋ ጀርባዋን ታያለች። ሁለተኛው ግጥም ምላሷ ጫፍ ላይ ነው፤ እንደ ልማዷ ጠጋ ብላ በጆሮዋ ልታቀብላት ነው። በመካከላቸው አንዲት ሣንቃ ብቻ አለች። ሰውየው አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። አንዲት ቃል ብትወጣት ሰባቱም ልጆች ጠፉ። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች።

ከዚያ ነሲባ ፊቷን ወደ ጓዳው በር መልሳ፣ የሻረግ በሕይወቷ ሰምታው የማታውቀውን አወረደች፦

“ሁሉን ይዘሽ ሄድሽ ወይ፣ ለእኔ ሳትሰጪ፣
እንደ ጎተራ እህል ከውስጥ ሳታወጪ!”

ይኼ የለቅሶ ቤት ወግ አልነበረም፤ ወቀሳ ነው። ቢሆንም ጥሩወርቅ “እውነትሽን ነው!” ብላ ተነሥታ ተቀበለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ግጥሙ አራት ጊዜ ተመላለሰ። ነሲባ እንባዋ እስከ አገጯ ይወርዳል፤ ለማስመሰል አልነበረም። ሰውየው ሲመጣ ያላወለቀውን ቆብ አወለቀ። ትንሽ ቆይቶም “እግዜር ያጥናችሁ” ብሎ ወጣ። የእሑዱን ነገር ዳግመኛ አላነሣም።

አሥር ሰዓት ላይ ለቀስተኛው ሳሳ። ነሲባ ጓዳውን ከፍታ አንድ ቂጣ ይዛ ገባች።

የሻረግ ቂጣውን አልነካችውም። “ያን ግጥም መቼ ያዝሽው?” አለች በሹክሹክታ።

“አልያዝኩትም። መጣ።”

“ለእኔ ነው?”

“የሞቱት ማን ሆነና?” አለችና ነሲባ ወዲያው አንገቷን ደፋች። “ይቅር ይበሉኝ እትየ። ዛሬ ከውጭ ሆኜ ሳስበው፣ እውነት ሞተው ቢሆን ኖሮ የአምባሰሉን መነሻ እንኳ አላውቀውም። አንዳችንም አናውቀውም።”

የሻረግ በሃያ ሁለት ዓመት የሰበሰበችው ዘፈን ሁሉ እዚህ ጨለማ ውስጥ ከእሷ ጋር ተቀርቅሯል። “ቁጭ በይ” አለች። “ድምፅ ባናወጣም በሹክሹክታ ይሆናል። ከመነሻው እንጀምር። አሁን።”

“አሁን አይሆንም” አለች ነሲባ። “ጥሩወርቅ ከእኛ ጋር ልትሰነብት ፍራሿን ይዛ መጥታለች። ነገ ጠዋት ለማገዶ ስትወጣ እመጣለሁ። ለልጆቹም እኔ ነግሬያቸዋለሁ፤ ተራ በተራ ይገባሉ።”

“አንቺ ነገርሻቸው?”

“እኔ።” ወጥታ በሩን ቀረቀረችው።

የሻረግ ጎታው ሥር ተቀመጠች። ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ይቀራታል። ከሣንቃው ማዶ ጥሩወርቅ ልጆቹን ሰብስባ ታወራለች፤ የሻረግ በወጣትነቷ ግራና ገበያ ላይ እንዴት እንደዘፈነች፣ እንዴት ሰው በትከሻው እንደተሸከማት። ሐሰት ነው። ግራና ላይ ዘፍናለች፤ ግን ዝናብ መጥቶ ሁሉም ተበትኖ ነበር። ልጆቹ “እሺ፣ ከዚያስ?” እያሉ ይሰማሉ። ጥሩወርቅ ደግሞ እየጨመረች ሄደች፤ የሻረግም ቂጣዋን ሳትቆርስ በጨለማው ጆሮዋን ሰጠች።