ሟች የሌለው ቀብር በወደቡ ዳር

ለጎረቤቱ መብት እጮኻለሁ የሚል ነጋዴ የሚጮኸው ለገዛ ደጁ ነው። ደጁን ያስከበሩለት ዕለት ድምፁ ይሰልላል፤ ጎረቤቱም ከመጀመሪያው ብቻውን እንደ ነበረ ያን ጊዜ ይገባዋል። ይህ ፍርድ በሉችና ወደብ ዳር ለብዙ ዘመን የሚያስተባብለው ሰው አላገኘም። ዲንካም ብትሆን ከሌላው የተሻለች ሆና አልጀመረችም።

ዲንካ ከሟች ባሏ የወረሰችውን ትንሽ ምግብ ቤት በወደቡ ጥግ ታስተዳድር ነበር። ዓሣዋ ሁልጊዜ ትኩስ፣ ምላሷም ሁልጊዜ ስለታም ነበር። ወይኗን ውሃ ታበዛበታለች ይባላል፤ ሐሜቱ ሐሰት አልነበረም። ከጎረቤቷ ከአይስክሬም ሻጩ ከቪትስኮ ጋር በጃንጥላዋ ጥላ ሰበብ ተኳርፋ ዓመታት አልፈዋል። ጥላው ከቀትር በኋላ ወደ እሱ ወንበሮች ስለሚሻገር፣ "ያለ ኪራይ ተቀመጥክበት" እያለች በእንግዶቹ ፊት ታሳፍረው ነበር።

የከተማው ምክር ቤት የወደቡን ዳር በሙሉ ለአንድ የሆቴል ኩባንያ ሊያከራይ እንደ ሆነ በተሰማ ጊዜ መጀመሪያ የጮኸችው እሷ ናት። ውሉ ከጸደቀ ከየደጃፉ እስከ ባሕሩ ያለው የድንጋይ ንጣፍ የኩባንያው ይሆናል። ነጋዴው ቤቱ ይቀርለታል፤ ጠረጴዛ የሚዘረጋበት ግን አይኖረውም። በበጋ ደግሞ ባሕሩን ትቶ ጣራ ሥር የሚበላ እንግዳ የለም። ዲንካ በየሱቁ ዞረች፣ ፊርማ አሰባሰበች፣ በስብሰባ ተነሥታ ተከራከረች። "እኛ" እያለች ትናገር እንጂ በዓይኗ የሚመጡት የራሷ ጠረጴዛዎች እንደ ነበሩ መካድ አይቻልም።

ፍርዱ የተፈተነው ውሉ ለድምፅ ሊቀርብ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከንቲባው የርኮ ወደ ወጥ ቤቷ በገባ ጊዜ ነው። የርኮ አበልጇ ነው፤ ሴት ልጁን ኒቭስን ክርስትና ያነሣችለት እሷ ናት። በዚያ አገር አበልጅነት ከሥጋ ዝምድና ይከብዳል።

"አበልጄ፣ ደክሞሻል" አላት፣ ከሳህኑ የተጠበሰ ሰርዲን እያነሣ።

"እጅህን ሰብስብ። የደከመኝ አንተን ማየት ነው።"

"ስሚኝ እንጂ። ያንቺ ጥግ ከውሉ ወጥቷል። አንቺ ብቻ ነገ ዝም በይ።"

"ቪትስኮስ?"

"ቪትስኮ! ስለ ቪትስኮ መጨነቅ የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው? ጥላዬን ይሰርቃል ስትዪ አልነበር?"

"ይሰርቃል። ሌባም ቢሆን የኔ ሌባ ነው።"

"እንዴ! አበልጅ ለአበልጁ ይህን ካላደረገ ምን ሊያደርግ ነው?"

"ልጅህን ክርስትና ሳነሣ ሰይጣንን ክጃለሁ ብዬ በሷ ፈንታ የመለስኩት እኔ ነኝ። አንተም አጠገቤ ቆመህ ሰምተሃል። በል ውጣልኝ! ሰርዲኑን ይዘኸው ሂድ፣ ነክተኸዋል።"

እምቢታው ከአፏ ሲወጣ ቀልሏት ነበር፤ ከወጣ በኋላ ግን ከበዳት። ምድጃው እስኪበርድ ድረስ ከፊቱ ተቀምጣ ቀረች።

በሉችና አስከሬን በወደቡ ዳር ሲያልፍ ነጋዴው ተጠቅላይ የብረት በሩን እስከ ወገብ ያወርዳል፤ ወንበሮቹንም ገልብጦ በጠረጴዛ ላይ ይጭናል። ማን ሞተ ተብሎ የሚጠየቀው በሩ ከወረደ በኋላ ነው፤ ቀድሞ መጠየቅ ነውር ነው። በማግስቱ፣ በዚያ አገር በጋ በሆነው በነሐሴ ሐሩር፣ ምክር ቤቱ ሊሰበሰብ ሲል ዲንካ በሯን እስከ ወገብ አወረደች። ለብቻዋ ልትቃወም አስባ ነበር። ቀጥሎ ያለው ወይን ሻጭ ግን አየና የራሱን አወረደ፤ ዳቦ ቤቱ ተከተለ፤ ጥቂት ሳይቆይ ወደቡ ከዳር እስከ ዳር በግማሽ ተዘጋ። እንግዶቹ ሹካቸውን እንደ ያዙ ከወንበራቸው ተነሡ። ወደ አዳራሹ የሚያልፉት የምክር ቤት አባላትም ባርኔጣቸውን አውልቀው አማተቡ፤ ከንቲባው ከመካከላቸው ነበረ።

ቪትስኮ ኩርፊያውን ረስቶ ሮጠ። "ማነው የሞተው? እትዬ ሉጼ ናት እንዴ?"

"አፍህ ይዘጋ!" አለች አሮጊቷ ሉጼ ከፎቁ መስኮት። "አንተን ሳልቀብር አልሞትም!"

"ታዲያ ማነው?"

"ገና አልሞተም" አለች ዲንካ፣ ባርኔጣ ያወለቁት ሁሉ እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "ቀትር ላይ አዳራሹ ውስጥ ይገድሉታል። አንተ ነህ።"

"እኔ?"

"አንተ፣ ዳቦ ቤቱ፣ ሁላችሁም። እኔን ምረውኛል። ዝም ካልሽ ጥግሽን እንተውልሻለን ብሎ አበልጄ ትናንት መጥቶልኝ ነበር።"

"እና ምን አልሽው?"

"ዓይን የለህም? በሬን እያው።"

"አይስክሬሜ ይቀልጣል እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!"

"ይቅለጥ! ዛሬ ካልቀለጠ ነገ ኩባንያው ይሸጥልሃል።"

ቪትስኮ ወደ ደጁ ተመለሰ። ይከፍታል ብለው ሲጠብቁት እስከ ወገብ የወረደውን በር እስከ መሬት ጎትቶ ቆለፈው።

"አዋረድሽኝ፣ አበልጄ" አለ የርኮ።

"ባርኔጣህን ልበስ፤ ፀሐዩ ይመታሃል።"

ከምክር ቤቱ አባላት አንዳንዶቹ የነጋዴ ልጆች ነበሩ። ከአማተቡለት ቀብር ተነሥተው ገዳይ ለመሆን ስላፈሩ ወደየቤታቸው ሄዱ፤ ምልዓተ ጉባኤው ጎደለ። ክረምት ሲገባ ውሉ ጨርሶ ተሰረዘ።

ከፀደይ በፊት ግን ሌላ ትእዛዝ ወጣ፦ የጀልባ ተሳፋሪዎች መተላለፊያ በወደቡ ጥግ በኩል ይሰፋል። የተወሰደው የዲንካ ቦታ ብቻ ነበር። ይግባኝ ብላ ተረታች። ከዚያ ወዲህ ሰርዲኗን በወረቀት ጠቅልላ በወጥ ቤቷ መስኮት ትሸጣለች፤ የሚበላውም ቆሞ ይበላል። ከንቲባው ባለፈ ቁጥር፣ "አበልጄ፣ ና ቆመህ ብላ! መቀመጫዬን አንተ ነህ የወሰድከው!" ትለዋለች። እሱም በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረ።

ስለ ነጋዴ የተባለው የመነሻው ፍርድ በዲንካ ላይ ሐሰት ሆነ፤ በጎረቤቶቿ ላይ ግን ጸና። በበዓል ቀን ስሟን እየጠሩ ራኪያ የሚሉትን አረቄ ይጠጣሉ፤ በፍርድ ቤቱ ደጅ ግን ከቪትስኮ በቀር አብሯት የቆመ አልነበረም። እያንዳንዳቸው ትንሽ ጠጋ ጠጋ ብለው፣ እሷ ባቆየችላቸው ንጣፍ ላይ ለጠረጴዛዎቿ ቦታ ሊለቁላት ይገባ ነበር።