ውኃ የያዘው ማሳ

የአፈር መርማሪው ኢንጂነር ይማም አርፈዋል። ሐይቅ ከተማ ተወልደው እዚያው ሐይቅ አፈር ለብሰዋል። የጉበት በሽታ ነው አሉ፤ ሽበታቸው እንኳ በወጉ ሳይወጣ ወሰዳቸው። መርዶው ላልደረሳችሁ ወዳጆቻቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው ይህን የምጽፈው እኔ፣ አምባሰል ውስጥ ከማዕድን ማውጫው በታች የምኖር አሮጊት ነኝ። ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ ያየሁትን ግን አልስትም።

ማዕድን ማውጫው ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃውን እየለቀቀ የታች ሰዎችን ጤፍ ይቀብር ነበር። ብዙ ከጮኽን በኋላ ደለሉን የሚያስቀሩ ትናንሽ ኩሬዎች ሊሠሩ ነው ተባለ። ለአንደኛው ኩሬ ግድብ ሁለት ቦታ ታሰበ፤ አንዱ ጎርፍ የቦረቦረው ፈፋ አፍ ላይ ያለው የጋራ ግጦሽ፣ ሌላው የእኔ ማሳ። ማሳው ባሌ ትቶልኝ የሞተ፣ እኔና ልጆቼ የምንበላበት ነው። ፈፋው ሥር ደግሞ ዘሐራ ከነልጆቿ ትኖራለች፤ ባሏ ዐረብ አገር ሄዶ ቀርቷል።

ይማም የአፈሩን ጠባይ ሊያዩ መጡ። ቁፋሮውን በእኔ ማሳ ሲጀምሩ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆምኩ።

«የእኔን ብቻ ለምን? ባል የሌላት ስለሆንኩ ነው? ፈፋውንም እኩል ቆፍር!»

«ባይሉኝም እቆፍራለሁ፣ እማማ። ፍርዱን የሚሰጠው ግን አፈሩ ነው፤ እኔንም እርስዎንም አይሰማም።»

«ይሁን! አፈር እንደሁ ጉቦ አይበላ!»

እውነትም ሁለቱንም እኩል አስቆፈሩ። ለሙን የላይ አፈር ለብቻ ያስከምሩ ነበር፤ ጉድጓዱ ሲደፈን ተመልሶ ከላይ እንዲሆን። ከብት እንዳይገባበትም በገዛ እጃቸው እሾህ አጠሩበት። አመሻሽ ላይ ሁለቱንም ጉድጓድ ውኃ አስሞሏቸው። ጧት ስንሄድ የፈፋው ደርቋል፤ ከሥሩ ያለው አሸዋ ጠጥቶታል። የእኔ ማሳ ግን ውኃውን እንዳለ ይዞ አድሯል።

ይማም ከጉድጓዱ ጭቃ ቆንጥረው በመዳፋቸው እንደ ክር አሹት። አልተበጠሰም። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን ጎደለው ማሳዬ?» አልኳቸው።

«ምንም አልጎደለውም፣ እማማ፤ ውኃ የማያሳልፍ ሸክላ ነው። ችግሩም እሱ ነው።»

«አንተ ሰው፣ ቤቴን ልታፈርስ ነው የመጣኸው!»

«ፈፋው ላይ ከሠራን ውኃው በሥር ሰርጎ ግድቡን ይንደዋል። ያን ጊዜ ጭቃው የሚያድረው ዘሐራ ቤት ነው።»

የሥራው ኃላፊ ግን ለግጦሹ ካሳ ስለማይጠየቅ ፈፋውን ይመርጥ ነበር። «ለዚህች ሚጢጢ ኩሬ ይህን ያህል!» ሲላቸው ሰምቻለሁ። «ኩሬዋ ትንሽ ናት፤ ከሥሯ የሚተኙት ግን ሰዎች ናቸው» አሉት። ልጆቼም ተቆጡ። «እምቢ በይ፤ ያለ ፊርማሽ አይነኩትም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አይነኩትም ነበር። ሰነባብቼ ፈረምኩ። ፍርድ በሌላው ላይ ሲሆን ብቻ የሚጣፍጥ ከሆነ ፍርድ አይደለም።

ሥራው ሳይጀመር ይማም ታመሙ። ልጠይቃቸው ሐይቅ ወረድኩ፤ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ክንዳቸው መንምኖ አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ቂም ይዘውብኛል?»

«ይዣለሁ እንጂ!»

ሲስቁ ሳል ያዛቸው። «ይያዙ። ብቻ ግድቡ ወደ ፈፋው እንዳይመለስ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ኃላፊው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «እማማ፣ ሰውየው እንግዲህ የሉም። ወደ ፈፋው እንመልሰውና ማሳዎ ይቅርልዎት» ብሎ በጆሮዬ አንሾካሾከ። ዘሐራ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ያ ማሳ እንዲቀርልኝ ምን ያህል እንደምመኝ ፈጣሪ ያውቃል።

«የሞቱት ሰውየው ናቸው እንጂ አሸዋው አልሞተም!» ብዬ ጮኽኩ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ዞረ። በጆሮዬ ያለውን እዚያው፣ ሁሉም እየሰማ፣ በአፉ አስደገምኩት።

ይማም ልጄ፣ ዛሬ ለግድቡ የማሳዬን አፈር መግፈፍ ጀመሩ። ዳር ቆሜ ጥቂት አየሁና አልቻልኩም፤ ወደ ቤት ገባሁ። ልጆቼ አያናግሩኝም። ካሳው የትም አያደርስ፤ ለከርሞ ምን እንደምንበላ አላውቅም፤ እንዲህ ያለውን የምጠይቀው ሰውም አንተ ነበርክ። ዘሐራ ክረምቱን ቤቷ ትተኛለች። አንተም ተኛ። አላህ ጀነቱን ይስጥህ።